በራሷ ደብዳቤ ጀርባ

አንዲት ሴት በአንድ ቀን ስለ አንዲት እናት ሁለት ወሬ ደረሳት።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «እናታችን ደህና ናት። ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ምንም አልጎደለባትም። ወደ አረጋውያን ቤት ልግባ ያለችውም ራሷ ናት፤ ማንም አላስገደዳትም። ቁርስ ላይ፣ ሁላችን በተሰበሰብንበት፣ እየሳቀች ነው የነገረችን።»

ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ «እናታችን ደህና አይደለችም። ወደ አረጋውያን ቤት መሄድ አትፈልግም። ሰሞኑን ሄጄ አይቻታለሁ። ጓዳ ገብታ፣ ፊቷን በሽርጧ ሸፍና ስታለቅስ ደረስኩባት። ምን ሆንሽ ብላት ሽንኩርት ነው አለችኝ። በእጇ ሽንኩርት አልነበረም።»

ወገኖቼ፣ ሁለቱንም ደብዳቤ የጻፉት የዚያችው እናት ልጆች ናቸው። የመጀመሪያውን የሴትየዋ ታላቅ ወንድም፣ ሁለተኛውን ታናሽ እህቷ። ሁለቱም በውሸት የሚታወቁ ሰዎች አይደሉም። ታዲያ እውነቱ የቱ ነው? እናንተ ብትሆኑ የቱን ታምናላችሁ?

ቸኩላችሁ አትፍረዱ። መጀመሪያ ሴትየዋን ላስተዋውቃችሁ።

ነገሩ የሆነው በአሜሪካ ነው፤ ፎቅና መኪና በሞላባት በዛሬዋ አሜሪካ ግን አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ነው። ሴትየዋ ሎቪና ትባላለች። ያደገችው ቬርሞንት በሚባል ደናማ የምሥራቅ አገር ነው። ካገባች በኋላ ከባሏ ከሃይረም ጋር ወደ ምዕራብ ሄዳ፣ ነብራስካ በሚባል ዓይን አይቶ በማይጨርሰው የሣር ሜዳ ላይ መኖር ጀመረች። ዛፍ የለም። ድንጋይ የለም። ቤታቸውን የሠሩት መሬቱን ከነሣሩ ሥር እንደ ጡብ እየቆረጡ፣ አንዱን ባንዱ ላይ እየደረደሩ ነው። አንዲት ክፍል ናት። በዚያች አንዲት ክፍል ውስጥ ባል አለ፣ ሚስት አለች፣ ሦስት ልጆች አሉ፣ ምድጃ አለ። በስተጥግ ደግሞ፣ ይህን ያዙልኝ፣ አራት ጆንያ የዘር በቆሎ አለ። ዘሩ ውጭ ከከረመ አይጥ ይበላዋል፤ ስለዚህ የብርዱን ወራት ከሰው ጋር፣ ከሰው እኩል፣ ቤት ውስጥ ያሳልፋል።

እንጨት ስለሌለ የሚያነዱት ሣር ነው። ደረቁን ሣር ጠበቅ አድርገው እንደ ገመድ ይገምዱና እየቆራረጡ ምድጃው ውስጥ ይከቱታል። የተገመደ ሣር ደግሞ ቶሎ እሳት አይይዝም፤ በመካከሉ ወረቀት ይፈልጋል። ስለዚህ በዚያ ቤት ብጣሽ ወረቀት በከንቱ አይጣልም። ያነበቡት ሁሉ ይነድዳል።

አሁን ደግሞ የቤተሰቡን ልማድ ስሙ።

ሎቪና አራት ወንድምና እህት አሏት። አምስቱም በአምስት አቅጣጫ ተበትነዋል። አባታቸው በሕይወት ሳለ አንድ ነገር አስለመዳቸው። አንድ ጥቅል ደብዳቤ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ታላቅየው ኦሪን ከቬርሞንት ይጽፍና ለሎቪና ይልካል። ሎቪና የሁሉንም ታነባለች፣ የራሷን ትጨምራለች፣ ለተከታዩ ወንድሟ ታስተላልፋለች። እሱም ለተከታዩ። የመጨረሻዋ ታናሽየዋ ኤሌክታ ናት፤ እሷ ጨምራ ወደ ኦሪን ትመልሰዋለች። ጥቅሉ ዞሮ ሲመጣ እያንዳንዱ ሰው አሮጌውን የራሱን ደብዳቤ ያወጣል፣ በምትኩ አዲስ ይከታል። በዓመት ሦስት ጊዜ ይዞራል።

በስልካችሁ ላይ ያለውን የቤተሰብ ግሩፕ አስቡት። ልዩነቱ፣ ዛሬ «እንዴት ናችሁ» ብላችሁ ጽፋችሁ «ደህና ነን» የሚለውን ለማንበብ አራት ወር መጠበቃችሁ ብቻ ነው።

ሎቪና ያን አሮጌ ደብዳቤዋን ስታወጣ ምን ታደርገዋለች? እሳት ታያይዝበታለች። ሳታነበው። የራሷ ጽሑፍ ነው፤ ምን እንደጻፈች ታውቃለች። የራሱን ደብዳቤ ገልጦ የሚያነብ ሰው አያችሁ?

ይህንንም ያዙልኝ።

ብርዱ ሊገባ አካባቢ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሃይረም በበቅሎ ጋሪ ከፖስታ ቤት ተመለሰ። ፖስታ ቤት ስል፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ያለ አንድ ሱቅ ነው፤ ደብዳቤው ከጨውና ከሚስማሩ ጎን ይቀመጣል። ሃይረም ገና ከበሩ ሳይገባ ጮኸ።

«ዛሬስ ሀብታም ሆነሻል! ሁለት ደብዳቤ! አንዱ እንደ ዳቦ የወፈረ፣ አንዱ እንደ እኔ የከሳ።»

«አንተ የከሳኸው በራስህ ጥፋት ነው» አለች ሎቪና እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «ሾርባህን ለውሻው ስትሰጥ አይቼሃለሁ።»

«ለምኖኝ ነዋ።»

ወፍራሙ ዞሮ የመጣው ጥቅል ነው። ቀጭኑ ከታናሽ እህቷ ከኤሌክታ በቀጥታ የተላከ ነው። ሎቪና ቀጭኑን አየችና ልቧ ደነገጠ። በዚያ ቤተሰብ ከጥቅሉ ውጭ ለብቻው የሚጽፍ ሰው አልነበረም። አባታቸው ሞተ ተብሎ የተጻፈ ዕለት ብቻ ነው እንዲህ ያለ ቀጭን ደብዳቤ የመጣው።

የጥቅሉን ክር ፈታች። እንደ ልማዷ አሮጌ ደብዳቤዋን መዝዛ ሣር ለሚገምደው ለሃይረም አቀበለችው። ከዚያ የኦሪንን ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

ኦሪን ነገሩን በሥርዓት ነው የጻፈው። የሚስቱ አባትና እናት ሁለቱም አልጋ ይዘዋል። ሚስቱ አንዲት ልጃቸው ናት። ቤቱን ዘግቶ ወደ እነሱ መዛወር ግድ ሆኖበታል፤ እዚያ ደግሞ የበሽተኞቹ አልጋ ቤቱን ሞልቶታል። እናታቸው ይህን ስትሰማ «እኔማ ከተማ ባለው የአረጋውያን ሴቶች ቤት እገባለሁ» አለች። የመግቢያው ቀን ተቆርጧል። ለሌሎቹም በፖስታ ካርድ አስታውቋል። ሎቪና ቀኑን በጣቷ ቆጠረች። አራት ቀን ቀርቶታል።

ቀጥላ ቀጭኑን ከፈተች። ጓዳውን፣ ሽርጡን፣ የሌለውን ሽንኩርት አነበበች።

ደብዳቤዎቹን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ ቆመች።

«ኦሪን አይዋሽም» አለች በመጨረሻ።

«አይዋሽም» አለ ሃይረም።

«ኤሌክታም አትዋሽም።»

«ኤሌክታ ትንሽ ታጋንናለች። ሠርጋችን ላይ ወፍ መጥቶ ሙሽራው ራስ ላይ ተቀመጠ ብላ ለስንት ሰው ነው የጻፈችው?»

«ተቀምጦ ነበር እኮ።»

«ሊቀመጥ አሰበ እንጂ አልተቀመጠም!»

ሎቪና ሳቀች። ሳቀችና ቀለል አላት። አዎ፣ ኤሌክታ ታጋንናለች። ኦሪን ቁም ነገረኛ ነው። እናታቸው በራሷ አንደበት፣ እየሳቀች ተናግራለች። አለቀ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሎቪና ለምን ኦሪንን አመነች? ኤሌክታ ሐሰተኛ ስለሆነች ነው? አይደለም። የኦሪን ደብዳቤ ከሎቪና ምንም አይጠይቅም፤ አንብባ አጣጥፋ ታስቀምጠዋለች፣ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። የኤሌክታ ደብዳቤ ግን እውነት ከሆነ ሥራ አለው። መነሣት አለው። ሁለት ወሬ ሲደርሰን ስንት ጊዜ ነው ከወንበራችን የማያስነሣንን መርጠን ያመንነው?

ሎቪናም እዚያ ላይ ልታቆመው ነበር። ግን የኦሪን ደብዳቤ ሲያልቅ፣ ግርጌው ላይ አንዲት አጭር ማስታወሻ ነበረች፤ ቅድም በችኮላ አልፋታለች። አሁን ዓይኗ አረፈባት።

«ሎቪና፣ ቤታችሁ ለአንድ ሰው እንኳ ቦታ እንደሌለው ባለፈው ጽፈሽልናል። አልፈርድብሽም። እናታችንም አልተቀየመችሽም።»

«ምን?» አለች ሎቪና።

«ምን አለ?»

«እኔ ነኝ እንዲህ የጻፍኩት? እናቴን ቦታ የለኝም አልኩ?»

«ምናልባት…»

«ምናልባት የሚባል ነገር የለም! እናቴ ልምጣ ብላ መቼ ጠይቃኝ ታውቃለችና ነው ቦታ የለኝም የምላት? የጻፍኩትን እኔ አላውቅም? ዛሬውኑ እጽፍለታለሁ። ታላቅ ወንድሜ ነው ብዬ ዝም የምል መስሎት ከሆነ…»

«ከመጻፍሽ በፊት የጻፍሽውን አንብቢው» አለ ሃይረም። እና ወዲያው «ውይ!» ብሎ እጁን አየ። ደብዳቤዋ በሚገምደው ሣር መካከል ገብታ ተጠምዝዛለች። አንድ ጊዜ ደግሞ ቢያዞራት ወደ ምድጃው ልትገባ ነበር።

«ስጠኝ! ስጠኝ እንዳታነዳት!»

ሣሩን ፈታችና ወረቀቷን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ አስተካከለች። ጮክ ብላ አነበበች፤ ማስረጃዋን ለዳኛ እንደሚያሰማ ሰው።

«ቤታችንንማ አትጠይቁኝ። አራት የበቆሎ ጆንያ ከእኛ ጋር ነው የሚተኛው። ደግነቱ እንደ ሃይረም አያንኮራፉም። አንድ ሰው ቢጨመርብን ግን አንዱ ጆንያ ተነሥቶ መውጣት አለበት፤ ጆንያዎቹ ደግሞ እዚህ ቤት ከሰው ይልቅ የተከበሩ ናቸው።»

«እኔ አላንኮራፋም» አለ ሃይረም።

«ቀልድ ነው! አየህ? ቀልድ ነው እኮ! ኦሪን ቀልድ አይገባውም?»

ይህን እያለች ወረቀቷን መልሳ ልታጥፍ ስትል እጇ ተያዘ። እጥፋቱ ልክ አልመጣላትም። ሎቪና፣ እንደ ማንኛውም ሰው፣ ደብዳቤ ስታጥፍ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ነው የሚሆነው። ይህች ወረቀት ግን ተገልብጣ ነው የታጠፈችው። የሎቪና ጽሑፍ ከውጭ፣ ባዶው ጀርባ ከውስጥ።

ገለበጠችው።

ባዶ አልነበረም።

በእርሳስ የተጻፈ ነው። ደቃቅ ነው። መስመሩ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ዓይኑ የደከመ ሰው እጅ ነው። ሎቪና ፊደል የቆጠረችው በዚያ እጅ ነውና ሳታነበው አወቀችው።

«ሎቪና ልጄ፣

ይህ ስድስተኛዬ ነው። ቀድሞ የጠየቅሁሽን አሁን አልደግመውም፤ መልስሽ ደርሶኛል። ስለ ጆንያዎቹ የጻፍሽውን ኦሪን ሲያነብልን ሁሉም ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በሰው ፊት እንዳላፍር ብለሽ በቀልድ መለስሽልኝ። ከልጅነትሽም ሰው ማሳፈር አትወጂም።

ብዙ ቦታ አልይዝም ነበር። ግን ቤትሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ለኦሪን አረጋውያን ቤት ልግባ ብዬዋለሁ። ደስ ብሏት ነው ብሎ ይመን። ሚስቱ መልካም ሴት ናት፤ ወላጆቿ ታመውባታል፣ እኔ ደግሞ ልጨመርባት አልፈልግም።

ከእንግዲህ በወረቀትሽ ላይ አልጽፍም። ስድስቱንም ስላነበብሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እናትሽ።»

ሎቪና መቀመጫ ፈለገች። ከኋላዋ ወንበር አልነበረም። መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ሎቪና?» አለ ሃይረም።

«አምስት» አለች።

«አምስት ምን?»

ምድጃውን ነው የምታየው።

አባታቸው ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እናትየዋ ኦሪን ቤት ከገባች ሁለት ዓመት። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ሁለት ዓመት፣ ስድስት ዙር። አንዷ ይህች ናት። አምስቱስ? አምስቱን ሎቪና ታስታውሳለች! የት እንደደረሱ አንድ በአንድ ታስታውሳለች። በአንዱ ለፋሲካ ዳቦ ጋግራበታለች። በአንዱ ትንሿ ልጇ ስትወለድ ውሃ ሞቆበታል። በአንዱ ዝናብ የመታውን የሃይረምን ካልሲ አድርቃበታለች። በእናቷ ቃል ካልሲ አድርቃለች!

ለመሆኑ እናትየዋ ለምን እንዲህ ጻፈች? ለምን እንደ ሰው ወረቀት አውጥታ አልጻፈችም? አስቡት። በዚያ ቤት ደብዳቤ የሚጽፈው ኦሪን ነው። እሷ የራሷን ወረቀት ጥቅሉ ውስጥ ብታኖር ኦሪን ያነበዋል፣ ሚስቱ ታነበዋለች፣ አምስቱም ቤት ያነበዋል። «ከዚህ ውሰዱኝ» ብላ ብትጽፍ ምራቷ በአምስት ቤት ፊት ታፍራለች። ምራቷ ደግሞ አልበደለቻትም። እንግዲህ እናትየዋ አንድ ሥራ ነበራት፦ ጥቅሉን በክር ማሰር። ልታስር ስትል ታስባለች። ከዚህ ቤት ቀጥሎ ጥቅሉን የሚከፍተው ማን ነው? ሎቪና። ሎቪና መጀመሪያ የምታወጣው ምንድን ነው? የራሷን አሮጌ ደብዳቤ። ከኦሪን ቤት እስከ ሎቪና እጅ ማንም የማይነካው አንድ ወረቀት እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ በጀርባው ጻፈች። ገልብጣ አጠፈችው፣ ሌላ ዓይን እንዳያየው። ክሩን አሰረች።

እንከን የለውም። ከአንድ ነገር በቀር። ልጅቷ የራሷን ደብዳቤ አትገልጥም።

አሁን ልጠይቃችሁ። ከሁለቱ ደብዳቤዎች እውነቱ የቱ ነበር? ኦሪን እየሳቀች ነገረችን አለ፤ ስቃለች። ኤሌክታ ስታለቅስ አየኋት አለች፤ አልቅሳለች። ሁለቱም ያዩትን ነው የጻፉት። ሁለቱም ያላዩት አንድ ነገር ግን ነበረ፤ እሱም በሦስተኛዋ እጅ ላይ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ! ሎቪና ታላቅ ወንድሟን በአእምሮዋ ከስሳ፣ ታናሽ እህቷን አጋናኝ ብላ ፈርዳ፣ ፍርዷን ልትጽፍ ብዕር ስታነሣ፣ ማስረጃው በራሷ ጽሑፍ ጀርባ ተገኘ።

ወገኖቼ፣ እኔና እናንተ ምድጃ ላይ ወረቀት አንጥልም። ስልክ ነው ያለን። እስቲ ዛሬ ቤታችሁ ስትደርሱ አንድ ነገር አድርጉ። የሌሎቹን መልእክት ተዉት፤ እሱን ደጋግማችሁ አንብባችሁታል፣ ማን ምን እንዳላችሁ በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። የራሳችሁን አንብቡ። ለአባታችሁ የጻፋችሁትን። ለእህታችሁ የጻፋችሁትን። «ሥራ በዝቶብኛል፣ በኋላ እደውላለሁ» ያላችሁትን። ግሩፑ ላይ የቀለዳችሁትን፣ ሁሉም ስቆ አንድ ሰው ብቻ ያልሳቀበትን። ያ አንድ ሰው ምን ጠይቋችሁ ነበር? እናንተ ሳታውቁት ያ ቀልድ ለማን መልስ ሆነ?

«እኔን ማንም ምንም አልጠየቀኝም» የሚል ሰው እዚህ መካከል አለ። አውቃለሁ። ሎቪናም እንዲሁ ነው ያለችው። በሙሉ ልቧ፣ ሳትዋሽ።

የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው። ክፉ ሴት ብትሆን ኖሮ ታሪኳን እየነቀፍን እናልፈው ነበር። ክፉ አይደለችም። እናቷን ትወዳለች። ልማዷን ጠብቃ፣ ደብዳቤዋን በሰዓቱ ጽፋ፣ በሰዓቱ ልካ፣ እናቷን አምስት ጊዜ አቃጠለቻት። እናትየዋም በአምስቱም ዝምታ አልተቀየመችም፤ በስድስተኛው ጭራሽ አመሰገነቻት! «ስላነበብሽልኝ» አለቻት። ወገኖቼ፣ ያልሰማችሁት ሰው «ስለሰማችሁኝ አመሰግናለሁ» ያላችሁ ቀን ምን ትሆናላችሁ?

መጨረሻው ምን ሆነ ትሉኛላችሁ። እናትየዋ መጣች። ብዙ ቀን በባቡር ተጉዛ፣ አንዲት ቦርሳ ይዛ መጣች። በዚያች አንዲት ክፍል ውስጥ ዓመታት ኖረች። የመጣች ሰሞን ሎቪና ጠየቀቻት፤ «በእነዚያ በአምስቱ ላይ ምን ብለሽኝ ነበር?» እናትየዋ የልጅ ካልሲ እየጠገነች ነበር። ቀና ሳትል «ረሳሁት» አለች።

አልረሳችውም። እናንተም ታውቃላችሁ። ሎቪናም ታውቃለች። አምስቱ ግን እስከ ዛሬ አልተነበቡም፤ ከእንግዲህም አይነበቡም። መልካም ፍጻሜ ያገኘ ታሪክ እንኳ እንዲህ ያለ ክፍተት አለው። በጊዜ መንቃት ጥሩ ነው፤ ያለፈውን ግን አይመልስም። ስለዚህ ነው ዛሬ ስሙኝ የምላችሁ፤ ስድስተኛው በእጃችሁ ሳለ።

አሁን ወደዚያች ከሰዓት ልመልሳችሁና ላብቃ። ምክንያቱም የእናንተ ቦታ እዚያ ነው፤ ገና ምንም ባልተደረገበት።

ሎቪና መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሃይረም ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ አንብቧል። ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶበታል።

«ጻፊላትና ነገ ጠዋት እወስደዋለሁ» አለ።

«አራት ቀን ነው የቀረው። ደብዳቤ አይደርስላትም።»

«ቴሌግራም ይሻላል እንግዲህ።» ቴሌግራም ሲል በስልካችሁ ያለውን እንዳይመስላችሁ፤ በሽቦ የሚላከውን መልእክት ነው። «ባቡር ጣቢያው ድረስ አንድ ቀን ሙሉ መንገድ ነው። አሁን ከተነሣሁ ነገ በጊዜ እደርሳለሁ። በቅሎዋ ገና አልተፈታችም።»

«በል ተነሣ እንግዲህ!»

ሃይረም አልተነሣም። ክፍሏን በዓይኑ ዞረ። የእነሱ አልጋ። የልጆቹ አልጋ። ጠረጴዛው። ምድጃው። አራቱ ጆንያ።

«ሎቪና፣ እኔ እምቢ ማለቴ አይደለም» አለ በቀስታ። «እናትሽ እናቴ ናት። ግን የት ትተኛለች? ዘሩን ካወጣነው በረት ነው የሚገባው። በረቱን ታውቂዋለሽ፤ ከላሟ ይልቅ አይጡ ይበዛል። ዘሩ ከተበላ በሚቀጥለው ዓመት ምን እንዘራለን? ልጆቹን ምን እናበላቸዋለን? እሱን ንገሪኝ።»

እውነቱን ነው። ጥያቄው የንፉግ ጥያቄ አይደለም። በዚያ ሜዳ ዘር ማለት ሕይወት ነው። ኋላም ከአራቱ ጆንያ አንዱን አይጥ በላው፤ በዚያ ዓመት ጠግበው አልበሉም።

ሎቪና ተነሣች። ወረቀቱን ከባሏ ተቀብላ እንደ ቀድሞው አልገለበጠችውም፤ የእናቷ ጽሑፍ ወደ ውጭ እንዲሆን አድርጋ አጠፈችው፣ ከደረቷ ከተተችው። ሄዳ የመጀመሪያውን ጆንያ በሁለት እጇ ያዘች። አልተነቃነቀላትም።

«የምንዘራውን አላውቅም» አለች። «የምትተኛበትን ግን አውቃለሁ።»

ከዚያ ልጆቹ ሁሉ እስኪሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«ሃይረም፣ ና አግዘኝ። ጆንያዎቹ ይወጣሉ፤ እናቴ እዚህ ትተኛለች።»